ባዶ ቤትም ይበላል



ሰሞኑን ከተለያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰኝ ነው። «ተከራዬ ከወጣ ሁለት ወር ሆነው፤ ቤቱ ባዶውን ቆሟል። ምን ይሻለኛል?» ይላሉ። ጠያቂዎቹ እኩዮቼ ናቸው። ጡረታ ወጥተው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የሚያከራዩ፣ በዕጣ የደረሳቸውን ኮንዶሚኒየም አከራይተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ። ውጭ አገር ያለ ልጃቸው የገዛውን ቤት ቁልፍ በአደራ የያዙም አሉ።

«ሲስተር ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል። በሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት የአዛውንት ሕመም ብዙ ጊዜ ከወር ገቢያቸው ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የሰፈሬ እናት «ራሴን ያዞረኛል» ብለው መጡ። ግፊታቸውን ስለካው 180 በ110 ሆኖ አገኘሁት። ኪኒናቸውን በየቀኑ ይወስዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣል አደረጉ። ተከራያቸው ከወጣ ጀምሮ «እንዲበረክትልኝ» ብለው አንድ ቀን እየዘለሉ ነበር የሚውጡት። በቀድሞው ኪራይ እንግባ ያሉ ባልና ሚስት መጥተው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ደላላው «ትንሽ ቢታገሡ ሁለት ሺህ ብር የሚጨምር አመጣለሁ» ስላላቸው መልሰዋቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ባዶ ቤት ምን እንደሚበላ፣ ኢንሹራንስስ ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንደሚሸፍንና የትኛውን እንደማይሸፍን ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ

ተከራይ ሲወጣ የቀረብን ኪራዩ ብቻ ይመስለናል። ቤቱ ግን ባዶም ሆኖ ወጪ አለው። የባንክ ብድር ያለበት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ተከራይ ወጣ ብሎ አይቆምም። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ሰው ኖረበትም አልኖረበትም ይከፈላል። ለጥበቃና ለጽዳት በየወሩ የሚዋጣው ገንዘብም እንዲሁ። ተከራይ ሲኖር ይህን መዋጮ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚከፍለው፤ ሲወጣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ ላይ የቀለም፣ የተሰበረ መቆለፊያ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የደላላ ክፍያ አለ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ተኩት። ቤታችሁ በወር 15,000 ብር ይከራይ ነበር እንበል። በዚሁ ዋጋ የሚገባ ሰው አለ። እናንተ ግን 17,000 የሚከፍል እስኪመጣ ሦስት ወር ጠበቃችሁ። የቀረባችሁ ኪራይ 45,000 ብር ነው። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ በወር 800 ብር ቢሆን የሦስት ወሩ 2,400 ይሆናል። ድምሩ 47,400 ብር ነው። አዲሱ ተከራይ በወር 2,000 ብር ጨምሮ ቢገባ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያመጣላችሁ ጭማሪ 48,000 ብር ነው። ከሁለት ዓመት ትዕግሥት በኋላ የተረፋችሁ 600 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ለዚያውም ሦስቱን ወር እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ለደላላ ስልክ ስትደውሉ ከርማችሁ። ጥበቃው አራት ወር ቢሆንማ ግልጽ ኪሳራ ነው።

በሁለት ዓመት ያሰላሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። የኪራይ ጭማሪም በየዓመቱ በሚወሰነው ልክ እንጂ በደላላ አፍ የሚሄድ አይደለም። ስለዚህ «ይህን ያህል ይጨምርልዎታል» ስትባሉ ጭማሪው የሚፈቀድ መሆኑን አስቀድማችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ።

ተከራይ ሲወጣም ወደዚያው ወረዳ ሄዳችሁ መውጣቱን አስመዝግቡ። ውሉ በመዝገብ ላይ እንዳለ ከቀጠለ የኪራይ ገቢ ግብር ሲሰላ ቤቱ ተከራይቶ እንደቆየ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። የወጣበትን ቀን የሚያሳይ የርክክብ ወረቀት ሁለታችሁም ፈርማችሁበት ይኑር። የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ፣ የተመለሰው ቁልፍ ብዛት፣ የተሰበረው ዕቃ እዚያው ላይ ይጻፍ።

የምመክራችሁ አንድ ልማድ አለ። ተከራይ ባለበት ጊዜ ከየወሩ ኪራይ አንድ አሥራ ሁለተኛውን ለብቻው አስቀምጡ። ኪራዩ 15,000 ከሆነ 1,250 ብር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 30,000 ብር ይሆናል፤ የሁለት ወር ባዶ ቤት ይችላል። ያ ገንዘብ ካለ ኪኒን መዝለል፣ ከልጅ መበደር፣ በችኮላ ማንንም ማስገባት አይኖርም።

ኢንሹራንስ የሚያውቀውና የማያውቀው

የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ ዛሬ ደግሞ በርካታ የግል ኩባንያዎች አሉ። እንዲያም ሆኖ መኪናውን ኢንሹራንስ የሚያስገባ ሰው ቤቱን ሲያስገባ እምብዛም አላይም። ያስገቡትም ውሉን መሳቢያ ውስጥ ከትተው ይረሱታል። እስቲ አውጥታችሁ የልጅ ልጃችሁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። በተለይ አምስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ ተከራይ ስላልተገኘ ገንዘብ የሚከፍል የቤት ኢንሹራንስ አድርጋችሁ አትጠብቁ። «የኪራይ ገቢ ማጣት» የሚባል ሽፋን አለ፤ እሱም የሚሠራው ቤቱ በእሳት ወይም ውሉ በሚሸፍነው ሌላ አደጋ ተጎድቶ ሰው ሊኖርበት ሲያቅተው ነው። ገበያ ስለ ቀዘቀዘ ባዶውን ለቆመ ቤት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ሰው የሌለበት መሆኑን የሚመለከተውን አንቀጽ ፈልጉ። በእሳትና በስርቆት ውሎች ላይ የተለመደ አንቀጽ አለ። ቤቱ ከተወሰነ ቀን በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 ቀን በላይ፣ ሰው ሳይኖርበት ከቆየና ኩባንያው አውቆ በጽሑፍ ካልተስማማ ሽፋኑ ይቋረጣል የሚል ነው። ዓመታዊ ክፍያችሁን፣ ዓረቦኑን፣ ሳታጓድሉ ከፍላችሁ እንኳ በ31ኛው ቀን በተነሣ እሳት ካሳ ልትከለከሉ ትችላላችሁ። ኩባንያው ይህን የሚያደርገው ባዶ ቤት ላይ አደጋው ስለሚበዛ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችንም መድን የገባ ሰው አደጋውን የሚያባብስ ነገር ሲፈጠር ለኩባንያው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ተከራይ በወጣ ሳምንት አንዲት አጭር ደብዳቤ ጽፋችሁ አስገቡ፤ ቅጂዋ ላይ ማኅተም ይደረግላችሁ። ኩባንያው ትንሽ ዓረቦን ሊጨምር፣ ወይም «ጥበቃ ይኑር፣ ውኃው ይዘጋ» ሊል ይችላል። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ «ችግር የለም» የተባለ ቃል ከአደጋ በኋላ ምስክር አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የስርቆት ሽፋን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሌባ በኃይል ሰብሮ ሲገባ ነው። በቁልፍ ተከፍቶ የተወሰደ ዕቃ ላይ ክርክር ይነሣል። የቀድሞ ተከራይ፣ ሞግዚቷ፣ ደላላው፣ ቀለም ቀቢው ሁሉ ቁልፍ ይዘው ከሆነ የበሩን ቁልፍ ቀይሩ። 

አራተኛ፣ የተመዘገበውን የቤት ዋጋ እዩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሲሚንቶውን፣ የብረቱንና የመስታወቱን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ቤቱን ዛሬ ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ሆኖ ውሉ ላይ የተጻፈው የድሮው 2 ሚሊዮን ከሆነ ኩባንያው የሚከፍለው በመጠኑ ነው። የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 200,000 ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል። ቀሪው ከኪሳችሁ ነው።

አምስተኛ፣ «እሳትና መብረቅ» የሚለው ውል እሳትንና መብረቅን ነው የሚሸፍነው። የቧንቧ መፈንዳት፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ስንቶቻችን ውላችንን አየን? የባንክ ብድር ያለባችሁም ባንኩ ያስገባው ኢንሹራንስ ካለ ምን ምን እንደሚሸፍን ጠይቁ። የባንኩን ገንዘብ ብቻ የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል።

ውኃ፣ ሽታና ከሰል

ባዶ ቤት ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው ከትንሽ ነገር ይጀምራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ቤቱን ሊያይ የመጣ ሰው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ውኃ የለም፤ ሳይዘጋው ይወጣል። ሌሊት ውኃው ሲለቀቅ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ባዶ ቤት ሞልቶ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤቶች አልጋ ያረጥባል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2077 ሕንጻው ባደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። «እኔ እኮ አልነበርኩም» ማለት አያድንም። ስለዚህ ቤቱ ባዶ ሲሆን ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዝጉ። የመብራቱን ማብሪያ ማጥፊያ ከቆጣሪው ሥር አውርዱ። የጋዝ ሲሊንደር ካለ ከቤት ይውጣ። ኢንሹራንስ ስትገቡም በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሽፋን ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው ሽታው ነው። በመታጠቢያና በሽንት ቤት ሥር ባለው ጠማማ ቧንቧ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውኃ ይቀመጣል፤ የፍሳሹን ሽታና በረሮውን የሚመልሰው እሱ ነው። ቤቱ ሳምንታት ሲዘጋ ያ ውኃ ይደርቃል። ቤት ሊያይ የመጣው ሰው በሩ ሲከፈት አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል፤ እናንተ ደግሞ «ዋጋው ተወዶበት ነው» ትላላችሁ። በየሳምንቱ አንዳንድ ጆግ ውኃ በየፍሳሹ ማፍሰስና መስኮቱን ለጥቂት ሰዓት መክፈት ይበቃል። በክረምት መስኮት ካልተከፈተ ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል። አዲስ የሚገባው ቤተሰብ አስም ያለበት ልጅ ካለው ያ ሻጋታ ሌሊቱን ሲያስለው ያድራል። ከሰኔ በፊት አሸንዳውን አስጠርጉ። ሮቶ ውስጥ ወራት የተኛ ውኃም ለመጠጥ አይሆንም። ተከራይ ከመግባቱ በፊት ውኃው ይደፋ፣ ሮቶው በበረኪና ታጥቦ በደንብ ይታለቅለቅ።

አሁን የምነግራችሁን ግን በልዩ ትኩረት አንብቡልኝ። ባዶ ቤት እንዲጠብቅ ብዙዎቻችሁ አንድ ወጣት ከክፍለ ሀገር አስመጥታችሁ ታስተኛላችሁ። ብርድ ነው፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ በሩ ተቆልፏል። ልጁ ከሰል አያይዞ ይተኛል። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድለዋል። ድንገተኛ ክፍል ስሠራ በዚህ ምክንያት በወዳጆቻቸው ሸክም የመጡ ወጣቶችን ተቀብያለሁ። ከመካከላቸው ያልተረፉ ነበሩ። ለእናቶቻቸው ደውሎ መንገር ለማን እንደሚደርስ አስቡት። ጠባቂ ካስተኛችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ስጡት። ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ እንዳያስገባ በግልጽ ንገሩት፤ የሚሰማ ባይመስላችሁ እንኳ ደጋግማችሁ ንገሩት። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ የከሰል ጭስ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ የሆነ ሰው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

የልጆቻችሁን ቤት የምትጠብቁ

ልጃችሁ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገንዘብ ልኮ የገዛው ቤት ባዶውን ሲቆም ብዙ እናትና አባት ዝም ብለው ከጡረታቸው መዋጮውን ይከፍላሉ። «ልጄን በዚህ ላስቸግረው?» ይላሉ። አስቸግሩት! ልጁ ቤቱን እንጂ ወጪውን አያየውም። በየወሩ የወጣውን በደብተር ጻፉና በስልክ ንገሩት። ውል ለመፈረም፣ ኪራይ ለመቀበል፣ ኢንሹራንስ ለመግባትና ካሳ ለመጠየቅ የሚያስችል ውክልና ላኩልኝ በሉት። ያለ ውክልና ቁልፍ መያዝ ኃላፊነት ብቻ ነው፤ ሥልጣን የለውም።

ጉልበታችሁም የእናንተ ነው። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በየሳምንቱ እየወጣችሁ መስኮት መክፈት በ70 ዓመት የሚሞከር አይደለም። ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌን መስበር ከየትኛውም ኪራይ ይበልጣል። ለአንድ የልጅ ልጅ ወይም ለጎረቤት የታክሲ ገንዘብ ሰጥታችሁ አስደርጉት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህም ጭምር ነው። ሌሊት የውኃ ድምፅ ሰምቶ የሚደውልላችሁ እሱ ነው። ስልካችሁን ስጡት፤ በዓል ሲመጣ አትርሱት።

እንግዲህ ተከራያችሁ «ልወጣ ነው» ያለ ቀን ይህን አድርጉ። በውሉ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ጊዜ ሳታባክኑ ሌላ ሰው መፈለግ ጀምሩ። ሲወጣ የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ በስልክ አንሡ። ወረዳውን አሳውቁ፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ደብዳቤ አስገቡ፣ ቁልፍ ቀይሩ፣ ውኃና መብራት ዝጉ። ሰርቆትም እሳትም ቢደርስ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለኩባንያው አመልክቱ፤ ዕቃ ሳታነሡ ፎቶ አንሡ። ደህና ሰው በተገቢው ዋጋ ሲመጣ ደግሞ የዛሬውን ሒሳብ አስታውሱና አስገቡት። አስተማማኝ ከፋይ፣ ቤት የሚንከባከብ ቤተሰብ፣ በግቢው የሚሰማ የሕፃን ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ያንን የኢንሹራንስ ወረቀት ከመሳቢያው አውጡት፤ ኢንሹራንስ የሌላችሁም ነገ ሁለት ሦስት ኩባንያ ጠይቃችሁ ዋጋ አወዳድሩ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን ደግሞ ቤቱ ተከራየም አልተከራየም በየቀኑ ውሰዱ። መድኃኒት መግዣ ካጠራችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ዝም አትበሉ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።